ድመቲቱ፣ የአመዱ ገንቦና በሆዴ የነበረችው ልጅ

ድመት ያላት ነፍሰ ጡር ሁሉ ድመቷን በጆንያ ከትታ ወንዝ ማዶ ትጣል ብዬ አይደለም ይህን የምጽፈው። የእኛ ቡሪት ዛሬም አለች፤ ይህን ስጽፍ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። የምጽፈው፣ ያሳመመኝ ነገር ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ የሌለብኝን በሽታ መድኃኒት ስለዋጥኩ፣ ከታወቀ በኋላም «በየት በኩል ገባብኝ?» የሚለው ጥያቄ አላስቀምጥ ስላለኝ ነው። ጥያቄውን ተከትዬ የደረስኩበት ቦታ ሩቅ አልነበረም። ከማድ ቤታችን በር ኋላ ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። ድሬ ላይ ሰው ፀሐይን ይሸሻል፤ መንዝ ላይ ፀሐይን ይከተላል። ይህን የተማርኩት ባለቤቴን ታደለን ተከትዬ የመንዝ ከተማ መሐል ሜዳ የገባሁ ዕለት ነው። ታደለ የዚሁ አገር ልጅ ነው። በሐረርጌ በኩል የእንስሳት እርባታ ሲማር እሑድ እሑድ ድሬ እየወረደ ያስቀድስ ነበርና ቤተ ክርስቲያን ተዋወቅን። ሲመረቅ የተመደበው ትውልድ ወረዳው ላይ፣ በበግ እርባታ ነው። እኛም ከከተማው ዳር፣ እናቱ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ሠርተን ገባን።

እናቱን ወይዘሮ ጥሩወርቅን «እማማ» እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ በአገሩ ልማድ ለምራታቸው ስም አውጥተው «አለሚቱ» ይሉኛል። የመንዝን ሙያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እዚህ እንጨት ብርቅ ነው፤ የሚነደው ኩበት ነው። የኩበት አመድ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ለዕቃ ማጠቢያ እሱን የሚስተካከል የለም። እማማ አመዱ ሲበርድ በወንፊት ይነፉና አንገቱ ተሰብሮ አፉ በሰፋ አሮጌ ገንቦ ውስጥ ያከማቹታል። ድስት ሲፈተግ፣ ብርጭቆ ሲታጠብ፣ ቅባት የነካው እጅ ሲታሽ ከዚያ ገንቦ ይዘገናል፤ መፈተጊያው የጓሳ ሣር ጭብጥ ነው።

«ሳሙና ሽታውን ትቶ ይሄዳል» ይሉኝ ነበር እማማ፣ «አመድ ግን ንጹሕ ነው። እሳት ያለፈበት ነገር ምን ያረክሰዋል?»

እኔም አመንኳቸው። ድሬ ሳለሁ በሳሙና ብቻ ሳጥብ የኖርኩትን ዕቃ በአመድ ሳብለጨልጨው ልቤ ደስ ይለዋል። ንጽሕና ከሃይማኖት ነው ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ።

ቡሪትንም ያመጧት እማማ ናቸው። ያን ዓመት በጥቅምት አይጥ የገብሱን ጎታ ሥሩን ሰርስሮ አላስቀምጥ ቢላቸው፣ ጡት የተወች ግልገል ድመት ከጎረቤት በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። እኔ ድመት አልለመድኩም፤ ድሬ የማውቃት ድመት ሥጋ ቤት ደጃፍ የምትዞረዋን ነው። ይቺ ግን እግሬ ሥር ተጠቅልላ ስትተኛ ብርዱን የምታስረሳ ሆነች። እማማ በንጽሕናዋ ይኮሩባት ነበር።

«አየሽ ቡሪትን? እንደ ሰው ናት። ገመናዋን ለማንም አታሳይም።»

እውነትም ቤት ውስጥ አንድም ቀን አበላሽታ አይተን አናውቅም። ውጭ የምትወጣ ይመስለን ነበር።

ከተጋባን ቆይተን፣ ስለት ስንሳልና ጸበል ለጸበል ስንመላለስ፣ በጥር መጨረሻ መፀነሴ ታወቀ። ታደለ ለሰው እንዳይናገር ብንማከርም ከፊቱ ላይ ሰው ሁሉ አነበበው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የንስሐ አባታችን «ነፍሰ ጡር ነሽና አቅምሽን እያየሽ» ብለው ፈቀዱልኝ። እኔም ሰዓቱን ባልጠብቅም ሥጋና ወተቱን ተውኩ። ምሳዬ በሶ ነበር። ጠዋት የቆሸሸውን ዕቃ በአመድ ፈትጌ፣ እጄን በዚያ በረዶ በመሰለ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ፣ የተቆላውን የገብስ ዱቄት በውሃና በጨው በእጄ እያሸሁ ጭብጦ አደርገውና እበላለሁ። ሆድ ይይዛል፤ እሳትም አይፈልግም።

ሰውነቴ የከዳኝ ከደብረ ዘይት እሑድ በኋላ ነው። መጀመሪያ ድካም ብቻ ነበር። ከቤት እስከ ውሃ ጉድጓዱ ድረስ ሄጄ ስመለስ እንደ ተወቃ ገብስ እሆናለሁ። ቀጥሎ ማታ ማታ ገርፎ የሚለቀኝ ቀላል ትኩሳት፣ የጡንቻ ሕመም፣ የራስ ምታት መጣ። እርግዝና ነው አልኩ። አንድ ቀን ነጠላዬን ሳጣፋ ጣቴ ከጆሮዬ ኋላ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ነገር ነካ። ሌላው በአንገቴ ጎን ነበር። ሲጫኑት ያማል። ሰነበተና ሽምብራው ባቄላ አከለ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በዚያ ዘመን ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ ወይ ታይፎይድ ነው ወይ ታይፈስ ነው። እኔም ደሜ ታይቶ ታይፎይድ ተባልኩ። ለእርጉዝ ይሆናል ያሉኝን መድኃኒት በጸሎት ዋጥኩት። ጨረስኩት። እጢው ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

እማማ የራሳቸው ምርመራ ነበራቸው።

«ብርድ ነው። የሞቀ አገር ደም ይዘሽ መጥተሽ፣ የኛ ውርጭ ሲያገኘው ምን ይሁን? ረግቶ እኮ ነው እንዲህ ድብልብል ያለው።»

«እማማ፣ ደም አንገት ላይ ብቻ ይረጋል እንዴ?» አልኳቸው።

«ታዲያ የሚታየው አንገት አይደለም? ሌላውን የሱፍ ባና ሸፍኖት!»

ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አንዲት ጎረቤት «እንቅርት ነው» አለች፤ ሊጠይቀን የመጣ የታደለ የሥራ ባልደረባ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነቀርሳ እንደሚመስል ነገረው። ታደለ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ ሳቀርብ እጄን ሳይሆን አንገቴን ያያል። እኔ ደግሞ ሲያየኝ እቆጣለሁ። «በግ አደረግኸኝ እንዴ፣ የምትመረምረኝ?» እለዋለሁ። እሱ ይወጣል፤ እኔ አለቅሳለሁ።

ፍርሃቴ የሚብሰው ግን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከሴቶች መቆሚያ ሕፃን ያዘሉትን አያለሁ፤ አንዷ ልጇን ጡት ታጠባለች፣ አንዷ ከጀርባዋ አውርዳ ለማቁረብ ትጠብቃለች። እኔ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ «እኔን እንደ ፈቃድህ፤ እሱን ግን አደራ» እላለሁ። ወንድ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ያኔ የሞባይል ስልክ መሐል ሜዳ ገና መግባቱ ስለነበር ድምፅ የሚገኘው ከቤታችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ስትወጪ ነው። እዚያ ቆሜ፣ ነፋሱ ነጠላዬን እየቀማኝ ድሬ ደወልኩ። እናቴ ሰምታ ሳትጨርስ «ነይ። ዛሬውኑ ተነሺና ነይ፤ አገርሽ ታከሚ፣ አገርሽ ውለጂ» አለችኝ። ይህን ለታደለ ስነግረው «መጀመሪያ ደብረ ብርሃን እንሂድ። ካልሆነ እኔው አደርስሻለሁ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ልመና ነበረበት። ከፋሲካ በኋላ፣ ዳግማይ ትንሣኤን ውለን፣ በአውቶቡስ ወረድን።

የደብረ ብርሃኑ ሆስፒታል መጠበቂያ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ነው። ሰው ሲጠራ ሁሉም አንድ አንድ ሰው ወደፊት ይንሸራተታል፤ ቀኑን ሙሉ አግዳሚውን በመቀመጫችን ስናብስ ዋልን። አጠገቤ የነበሩት ከዓለም ከተማ የመጡ የመርሐቤቴ እናት ናቸው፤ እግራቸውን አሟቸዋል፣ ምላሳቸው ግን ደህና ነው።

«በምን ታመምሽ ልጄ?»

«አልታወቀልኝም እናቴ።»

«ያልታወቀ ይሻላል። የኔማ ታወቀ፤ ከታወቀ ወዲህ በየወሩ ነይ ነው።»

ከዳቧቸው ቆርሰው ሰጡኝ። አልራበኝም ብል «ላንቺ መቼ ሰጠሁ፤ ለሆድሽ ነው» አሉኝ። በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ይህን አልረሳም።

አክታዬ ተመረመረ፤ ነቀርሳ አልተገኘም። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እጢዬን በቀጭን መርፌ ወግቶ ጥቂት ወስዶ እንዲታይ ላከ። ሰንብተን ውጤቱን ይዞ ሲጠራኝ ወረቀቱን አየ፣ አንገቴን ነካ፣ ሆዴን አየ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ።

«ቤታችሁ ድመት አለ?»

«አለች። ምነው?»

«እርጉዝ ከሆንሽ ወዲህ ጥሬ ሥጋ በልተሻል? ዱለት? ክትፎ?»

«ዶክተር፣ ጾም ላይ ነበርኩ እኮ!»

«ከፋሲካ በፊት ነው የጀመረሽ?»

«በደብረ ዘይት ሰሞን።»

ጠረጴዛውን በእስክሪብቶው መታ መታ አደረገ። «ደምሽን አዲስ አበባ እልካለሁ። የምጠረጥረው ነገር አለ፤ ያለ ማስረጃ ግን አላስፈራሽም።»

ወጥቼ ወደ አግዳሚው ስመለስ የመርሐቤቴዋ እናት ጠበቁኝ። «ምን አለሽ?»

«ድመት አለሽ ወይ አለኝ።»

«ድመት!» አሉ ጮክ ብለው፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር። «እኛ አገር ሰው ሲታመም ምን በላህ ይባላል። ለመንዝ ሰው ድመቱም ይጠየቃል?»

ከወዲያ ጫፍ አንድ ሽማግሌ «ብርዱን የሚችሉት ድመት አቅፈው ነዋ!» ሲሉ አግዳሚው በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅሁ። ከሕመሜ ወዲህ ከሆዴ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። አውቶቡስ ላይ ግን ጥያቄው ተመልሶ መጣ። ነቀርሳ ቢለኝ አውቀዋለሁ፤ ታይፎይድንም አውቀዋለሁ። ድመት ከአንገቴ ጋር ምን አገናኛት?

ውጤቱ ሲመጣ ታደለም አብሮኝ ነበር። ሐኪሙ የበሽታው ስም ቶክሶፕላዝማ እንደሚባል ነገረን። ለዓይን የማትታይ ጥገኛ ተሕዋስ ናት። ጤነኛ ሰው ውስጥ ብትገባ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል፤ አንዳንዱን እንደ እኔ ትኩሳትና እጢ ያሳየዋል፣ ከዚያ በራሱ ይድናል። ቀድማ የያዘቻት ሴት ኋላ ብታረግዝ ለልጇ ብዙም አያሰጋም፤ ሰውነቷ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ክፉው ነገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝና ላይ ስትይዛት ነው። ያን ጊዜ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ልታልፍ ትችላለች። የእኔ ደም ያሳየው በቅርብ መያዜን ነው።

«ብታልፍስ ምን ታደርገዋለች?» አልኩ።

«ሁልጊዜ አታልፍም። ካለፈች ግን ዓይንን ትጎዳለች፤ አንዳንዴም ጭንቅላትን።»

ከቅድም ጀምሮ አንገቱን ደፍቶ የነበረው ታደለ ቀና አለ። «ዶክተር፣ ይህቺ በጎቹን የምታስጨነግፈው ናት?»

«በግም ታስጨነግፋለች፣ አዎ። እሷው ናት።»

«ተምሬያታለሁ» አለ ባለቤቴ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «በበግ ተምሬያታለሁ። ቤቴ ውስጥ ትኖራለች ብዬ ግን…» አልጨረሰውም።

ወደ ልጁ የማለፏን ዕድል ይቀንሳል የተባለ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ እስክወልድ በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ሐኪሙ እርግጠኛ አድርጎ ቃል አልገባልኝም፤ ስላልዋሸኝ አመሰግነዋለሁ። መድኃኒቱ ደብረ ብርሃን አልነበረም። ታደለ አዲስ አበባ ወርዶ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞረ። ሁሉም «የለም» ሲሉት አንዲት ባለ ፋርማሲ በራሷ ስልክ ሦስት አራት ቦታ ደውላ፣ የሚገኝበትን በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ስሟን እንኳ አልጠየቀም። በጸሎቴ «ያቺ ሴት» እያልኩ አነሳታለሁ፤ እግዚአብሔር ያውቃታል።

ቤት ስንደርስ ግን ፍርድ ተጀመረ።

ታደለ ጆንያ ይዞ ተነሳ። «ዛሬ ትወጣለች!»

እማማ ጎታው ፊት ቆሙ። «ማን? ቡሪት? አይጡን አንተ ልትይዝልኝ ነው?»

«ሌላ አመጣልዎታለሁ። ግልገል አመጣለሁ።»

«ወረዳው የላከህ የሰው በግ ልታረባ ነው የእናትህን ድመት ልትገድል?»

«እናቴ፣ ልጄ እኮ ነው ሆዷ ውስጥ ያለው!»

እኔ መሐላቸው ቆሜ ነበር። ድመቷ ይሄ ሁሉ ለእሷ መሆኑን ሳታውቅ ጆንያው ውስጥ ገብታ ታሸት ጀመር። «ቆይ» አልኩት ታደለን። «ከእሷ ወደ እኔ በየት እንደተሻገረች ሳናውቅ ብናስወጣትስ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ ይቀር የለም?»

ሐኪሙ ድመትን በመንካት ብቻ ብዙም እንደማትያዝ ነግሮኛል። በሽታዋ የምትወጣው በድመቷ አይነ ምድር ነው፤ ሰው የሚይዛትም ያ ነገር በአንድ በኩል አፉ ሲገባ ነው፤ በአፈር፣ ባልታጠበ አትክልት፣ በእጅ። ታዲያ የኛ ድመት የት ነው የምትጸዳው? ለካ ይህን የሚያውቅ ሰው በቤታችን የለም! ገመናዋን እንደምትሸፍን እናውቃለን፤ የት እንደምትሸፍነው ግን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም።

ድመት ጥበቃ ጀመርኩ። ሥራ ስለተከለከልኩ ጊዜ አለኝ። ፀሐይ ሲሆን ከጓሮው ካብ ኋላ ትሄዳለች፤ አፈር ጭራ፣ ሸፍና ትመለሳለች። እዚያ እጄ አይደርስም፤ ጎመን እንኳ አልተከልንበትም። በቃ፣ ከእሷ አይደለም ልል ደረስኩ። ከዚያ ሰኔ ገባና ዝናቡ ወረደ። ቡሪት ከበሩ ላይ ቆማ ጭቃውን አየች፤ አንድ እግሯን አውጥታ አራገፈችና መለሰችው። ዞራ ወደ ማድ ቤቱ ገባች። በዝግታ ተከተልኳት። ከበሩ ኋላ ዘላ የአመዱ ገንቦ ውስጥ ገባች። የሚታየኝ ጆሮዋ ብቻ ነበር። ጫር ጫር አደረገች። ጨረሰች። አመዱን ደልድላ ሸፈነች፤ ወጣች፤ መዳፏን እየላሰች ምድጃው ዳር ተቀመጠች።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዐቢይ ጾም ላይ በልግ ነበር፤ ያን ሰሞን ሲዘንብ ነው የከረመው። ጠዋት አመድ ከላይ ከላዩ እዘግናለሁ፣ ዕቃ እፈትጋለሁ፣ ብርጭቆውን አብለጨልጫለሁ፣ እጄን በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ፣ ከዚያ በሶ በእጄ። እሳት ያለፈበት አመድ፣ እሳት የማይፈልግ ምግብ። በመካከላቸው ያለችው እኔ ነበርኩ።

«እማማ!» ብዬ ጠራሁ። መጥተው አዩ፤ በእንጨት ቆፈር አደረጉትና ወዲያው እንጨቱን ጣሉት። መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«እኔ ነኝ። ይህን ሙያ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ አለሚቱ።»

«እማማ፣ እርስዎን ማን አስተማረዎት?»

«እናቴ።»

«እሳቸውንስ?»

«እናታቸው ናቸዋ።»

«እንግዲያው ስንቱን ከመቃብር እንክሰስ? ይነሱ።»

ተነሡ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። በዚያው መንገድ ነው ብሎ መማል እንደማይችል፣ ነገር ግን የጠረጠርኩት መንገድ የሚያስኬድ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ እኔን ያስገረሙኝን ሁለት ነገሮች አወጋኝ። አንደኛው፣ የድመት አይነ ምድር ትኩሱን ጉዳት የለውም። ውሎ ሲያድር ነው የሚበስለው፤ ከዚያ በኋላ በእርጥብ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል። በየቀኑ ቢነሣ ኖሮ ባልጎዳ ነበር፤ የእኛ ግን ገንቦ ውስጥ ከርሟል። ሁለተኛው፣ ድመት ይህቺን ተሕዋስ የምታወጣው ብዙውን ጊዜ በዕድሜዋ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው፤ እሱም አይጥ ማደን በጀመረችበት ሰሞን። ቡሪት የመጀመሪያ አይጧን ጎታው ሥር የያዘችው በጾሙ መግቢያ ነው፤ እማማ እልል ብለውላት ነበር።

«ስለዚህ» አለ ሐኪሙ፣ «ይቺን አባርራችሁ ግልገል ብታመጡ፣ ያለፈውን አደጋ ሸኝታችሁ አዲሱን ተቀበላችሁ ማለት ነው።»

ታደለ ጆንያውን ለገብስ መለሰው።

ከዚያ ወዲህ የቤታችን ሥርዓት ተለወጠ። አመዱ ከነገንቦው ሩቅ ተወስዶ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተቀበረ። አዲሱ አመድ ከባድ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይቀመጣል፤ ዕቃ ከተፈተገ በኋላ በሳሙናና በሞቀ ውሃ ይለቀለቃል፤ በሶ የሚታሸው እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ዱቄቱን አይነካም። ለቡሪት ከዝናብ የሚያስጠልል ቦታ፣ በረቱ ጥግ፣ አፈር የሞላ ሣጥን ተደረገላት። እሱን በየማለዳው የሚደፋው ነፍሰ ጡር ያልሆነ ሰው መሆን አለበት። ይህ ሰው ታደለ ነበር። ደፍቶ ይቀብራል፣ ሣጥኑን የፈላ ውሃ ያፈስበታል። እማማ ከደጃፍ ሆነው «እዩልኝ፣ ለዚህ ነው ያስተማርኩት!» ይሉታል። «የመንግሥት ባለሙያ ነው፤ ድመታችን እንኳ በባለሙያ ነው የምትጸዳው!» እሱም አካፋውን ሽቅብ ያሳያቸዋል። ለቡሪት ጥሬ ሥጋ መስጠት ቀረ። ዱለቱም እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ የሚበላው በደንብ በስሎ ነው፤ ሽማግሌዎቹ «ምነው አሳረራችሁት» ይላሉ፤ ይበሉ።

እጢዬ በክረምቱ እየሟሸሸ ሄዶ ሐምሌ ላይ ጠፋ። ጉልበቴም ተመለሰ። የእኔ መዳን ግን ለራሴ ምንም አልመሰለኝም። በአልትራሳውንድ ጭንቅላቷን ለክተው ደህና ነው ሲሉኝ ተመስገን እላለሁ፤ ዓይኗን ግን ከውጭ ሆኖ ማየት አይቻልም። ከመንዝ እስከ ድሬ ያለ ሰው ሁሉ «አይዞሽ» አለኝ፤ የማያውቁትን ግን ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። እናቴ ከድሬ ወጥታ መጣች፤ ብርዱን ስትራገም እማማ የራሳቸውን በርኖስ አለበሷት፤ ሁለቱ ሴቶች ያኔ ተግባቡ።

በመስከረም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወለድኩ። ሴት ናት። ሙሉ፣ ቀይ፣ ጩኸቷ የሚሰማ። ደሟ ተወሰደ። ዓይኗን የሚያየው ባለሙያ ያለው አዲስ አበባ ነበርና ጥቂት ጠንከር ስትል ይዘናት ወረድን። እማማም «እኔ ሳልሰማ አይነገርም» ብለው አብረውን መጡ።

ክፍሉ ጨለማ ተደረገ። ሐኪሟ በልጄ ዓይን ጠብታ አድርጋ፣ ደማቅ ትንሽ መብራት በራሷ ግንባር ላይ አስራ፣ መስታወት ይዛ ጎነበሰች። ታደለ የሕፃኗን ራስ ይዞ ነበር። ቀኝ ዓይኗን አየች። ወደ ግራው ዞረች። ተመልሳ ወደ ቀኙ ሄደች። ለምን ተመለሰች አልኩ በልቤ። ጸሎት ለመጀመር ቃል አጣሁ፤ ከልጅነቴ የደገምኩት ሁሉ ጠፋብኝ፤ «እግዚኦ» ብቻ ቀረችልኝ።

ሐኪሟ ቀና አለች። «የዓይኗ ጀርባ ንጹሕ ነው። በሁለቱም ጠባሳ የለም። የደሟም ውጤት ጥሩ ነው። ግን በየዓመቱ አምጧት፤ አንዳንዴ ዘግይቶ ይታያል።»

እማማ ከጨለማው ጥግ ተናገሩ። «ልጄ፣ በእኛ ቋንቋ ንገሪን። ታያለች ወይስ አታይም?»

ሐኪሟ ሳቀች። «ታያለች እማማ። ከእርስዎ የበለጠ ታያለች።»

እማማ በሩን ከፍተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። እልልታቸው ሕንፃውን ሞላው። ዘበኛው እየሮጠ መጣ፤ «እማማ! እማማ! ሆስፒታል ነው እኮ፣ በሽተኛ አለ!»

«ታዲያ የት ልበልልህ? የዳነው እዚህ አይደለም?» አሉትና ቀጠሉ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡ፣ ምን እንደተገኘ የማያውቁ ሴቶች፣ ልጆቻቸውን እንዳቀፉ፣ በእልልታ ተቀበሏቸው።